ቅንድብ የሌለው ቁጣ

ባለፈው ዓመት የምሠራበት ቡድን ለአንድ የመልእክት አፕ ሠላሳ ስድስት ስቲከር ለቀቀ። ሁሉም ፊት ናቸው፤ ክብ፣ ብርቱካንማ፣ ሁለት ነጥብ ዓይንና አንድ መስመር አፍ። የእኔ ድርሻ ሥዕሉ አልነበረም። ማየት የተሳናቸው ተጠቃሚዎች ስልካቸው ጮክ ብሎ እንዲያነብላቸው ከየሥዕሉ ጀርባ የሚቀመጠውን አጭር ስም ማስገባት ነበር። የእንግሊዝኛው ዝርዝር ተዘጋጅቶ ደረሰኝ። አብዛኞቹ የአፑ ተጠቃሚዎች ግን ኮሎምቢያና ሜክሲኮ ነው ያሉት፤ ስለዚህ ስፓኒሽ ያስፈልጋል። ስብሰባው ላይ "እኔ ትንሽ እሞክራለሁ" አልኩ። ባልልስ ኖሮ ይህን ጽሑፍም አልጽፍም ነበር።

ዝርዝሩ ላይ እንዲህ ያሉ ቃላት ነበሩ፦ ስማይል፣ ግሪን፣ ስመርክ፣ ስኒር፣ ፍራውን፣ ስካውል፣ ግሪሜስ፣ ግሌር፣ ፓውት። የእንግሊዝኛ ልቦለድ የሚያነብ ሰው ሁሉንም ያውቃቸዋል፤ ወይም የሚያውቃቸው ይመስለዋል። እኔም መዝገበ ቃላት ከፍቼ በአንድ ከሰዓት ጨረስኳቸው። "ፍራውን" የሚለው ጋ ስደርስ "ሴኞ ፍሩንሲዶ" ብዬ ጻፍኩ። የተቋጠረ ግንባር ማለት ነው፤ መዝገበ ቃላቱም የሚለው ይህንኑ ነው። ኮሚት፣ ፑሽ፣ ወደ ቤት።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ አንድ ቲኬት መጣ። ኮሎምቢያ የሚኖር ዓይነ ስውር ተጠቃሚ ነው የጻፈው። እህቱ እሑድ ለምሳ መምጣት እንደማትችል ጽፋለት ከሥር አንድ ስቲከር አስከትላለች። ስልኩ መልእክቷን አንብቦ "የተቋጠረ ግንባር" ብሎ ጨረሰ። ልጁ ምን እንዳጠፋ ሲያስብ ዋለ። ማታ ደውሎ "ለምንድን ነው የተቆጣሽኝ?" ሲላት እሷ ነገሩ ምንም አልገባትም። የላከችው ያዘነ ፊት ነበር፤ ከንፈሩ ወደ ታች የታጠፈ፣ ለምቦጩን የጣለ። ስቲከሩን ከፍቼ አየሁት። የግንባር መስመር የለውም። ቅንድብ የለውም። የሚቋጠር ነገር በሌለው ፊት ላይ ቁጣ ለጥፌበታለሁ።

ቲኬቱ "ቀላል" የሚል ደረጃ ነበር የተሰጠው። አፑ አልወደቀም፣ ዳታ አልጠፋም፤ እውነትም በእኛ መስፈርት ቀላል ነው። አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ እህቴ ተቀየመችኝ ብሎ መዋሉን የሚያስገባ ሣጥን ፎርሙ ላይ የለም።

ስህተቱ የመጣው ከስፓኒሹ ይመስለኝ ነበር። ሲጣራ እንግሊዝኛው ውስጥ ነበር የተደበቀው። ፍራውን ሁለት ኑሮ ያለው ቃል ነው። ብሪታንያ ውስጥ በዋናነት ከዓይን በላይ የሚሆን ነገር ነው፤ ቅንድብ ይሰበሰባል፣ ግንባር ይሸበሸባል፤ ሰውየው ወይ ተቆጥቷል፣ ወይ እያሰበ ነው፣ ወይ ፀሐይ ዓይኑ ገብታለች። አሜሪካ ውስጥ ግን ቃሉ ቁልቁል ወርዶ አፍ ላይም ሰፍሯል፤ የፈገግታ ግልባጭ ሆኗል። የስፓኒሹ "ሴኞ" ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። በሁለቱ ቅንድቦች መሃል ነው፤ እዚያው ይኖራል። "ፍሩንሲር" ደግሞ ጨርቅ ሰብስቦ ማጨማደድ ነው፤ ልብስ ሰፊ ቀሚስ ወገብ ላይ ሽንሽን ሲያወጣ የሚሠራው ሥራ። ስለዚህ ስፓኒሽ ተናጋሪ ይህን ሲሰማ የሚታየው ሽንሽን ያወጣ ግንባር ነው። ከንፈር ጭራሽ ትዝ አይለውም።

ጥፋቴን ካየሁ በኋላ ሌላው ዓለም ይህን እንዴት እንደተወጣው ለማየት ወደ ዩኒኮድ ሄድኩ። ለማያውቅ ሰው፦ ስልካችን ላይ ያሉ ብዙ ኢሞጂዎች ዩኒኮድ ውስጥ እያንዳንዳቸው አንድ ቁጥርና አንድ መደበኛ የእንግሊዝኛ ስም አላቸው። መደበኛው ስም አንዴ ከጸደቀ አይለወጥም፤ ስህተት ቢገኝበት እንኳ። ሕጉ ነው፤ ፕሮግራመር የሆነ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ከዚህ ሌላ ሲ.ኤል.ዲ.አር. የሚባል የጋራ መረጃ ቋት አለ። የቀን አጻጻፍ፣ የገንዘብ ምልክት፣ የአገሮች ስም በየቋንቋው የሚቀመጥበት ነው። የኢሞጂዎቹ አጫጭር ስሞችም እዚያው ናቸው፤ በስፓኒሽም፣ በአማርኛም፣ በብዙ ሌሎች ቋንቋዎችም። እነዚህን ማሻሻል ይቻላል። ኤንቪዲኤን የመሰሉ ስክሪን አንባቢዎች ኢሞጂ ሲያጋጥማቸው ጮክ ብለው የሚሉት ከዚህ የተወሰደውን ስም ነው።

ይህን ፋይል እንደ ትርጉም ሥራ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን ሁለት ቅዳሜ ሰጥቼ ፊቶቹን ከላይ እስከ ታች አንብቤያቸዋለሁ። ሂስ ይገባዋል ብዬም አምናለሁ። ልቦለድ ተርጓሚ ስሙ ሽፋኑ ላይ ይወጣል፣ ይወደሳል፣ ይነቀፋል። ይህን የተረጎመው ሰው ማን እንደሆነ አንባቢው አያውቅም፤ ትርጉሙ ግን በየደቂቃው የሆነ ሰው ጆሮ ውስጥ ይነበባል።

ያ የተገለበጠ አፍ ያለው ፊት፣ ዩኒኮድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የኖረው፣ በስፓኒሽ ስሙ "ካራ ኮን ኤል ሴኞ ፍሩንሲዶ" ነው። የተቋጠረ ግንባር ያለው ፊት። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ለካ ብቻዬን አይደለሁም። ከዚያ ተናደድኩ። እኔ ስፓኒሼ የቅዳሜ ስፓኒሽ ነው፤ እዚያ ያሉት ሰዎች ግን አፋቸውን የፈቱበት ነው። ያም ሆኖ ያየነው አንድ ነገር ነው፤ ቃሉን። ፊቱን ማናችንም አላየነውም። ሥዕሉን ገልጦ "ይኼ ሰውዬ ምን ሆኗል?" ብሎ የጠየቀ ቢኖር ኖሮ ግንባር የሚለው ቃል አፉ ላይ አይመጣም ነበር።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ሥራው ቀላል አይደለም። ስሞቹ አጭር መሆን አለባቸው፤ በአንድ ቋንቋ ውስጥ ሁለት ኢሞጂ አንድ ዓይነት ስም መያዝም አይችልም። ያዘኑ ፊቶች ደግሞ ብዙ ናቸው፤ "ያዘነ ፊት" የሚለውን ለአንዱ ከሰጠኸው ሌላው ምን ይባል? ይህን ችግር ስቲከሮቼ ላይም አይቼዋለሁ። ግን ችግሩ ከባድ መሆኑ መልሱን ትክክል አያደርገውም።

ፊቱን ያዩበት ጊዜም አለ። ከአፍንጫው እንፋሎት የሚተፋ ኢሞጂ አለ፤ ሁላችንም ስንናደድ እንልከዋለን። መደበኛ የእንግሊዝኛ ስሙ ግን "የድል አድራጊነት ገጽታ ያለው ፊት" ነው። ማን ነው ይህን ልኮ አሸነፍኩ ማለቱ የሆነ? እንግሊዝኛው አጭር ስም በኋላ ላይ ድሉን ትቶ እንፋሎቱን ያዘ። ስፓኒሹ ደግሞ "ካራ ሬሶፕላንዶ" ይለዋል፤ በአፍንጫው "ኡፍ" የሚል ፊት። ድል ይሁን ንዴት አይፈርድም። የሚታየውን ይናገራል፣ ፍርዱን ለላኪና ለተቀባይ ይተዋል። ከዝርዝሩ ሁሉ የወደድኩት ትርጉም ይኸኛው ነው።

ወደ ግሪን እንምጣ፤ እዚህ ጋ ነገሩ ይጥማል። በስፓኒሹ ዝርዝር ስማይልም ግሪንም "ሶንሪየንዶ" ሆነዋል፤ ፈገግ ያለ። ስፓኒሽ ለፈገግታ ያለው ዋና ግሥ "ሶንሬይር" ነው፤ ከላቲን የመጣ ሲሆን በጥሬው "ከሥር መሳቅ" ማለት ነው። ሳቅ ነው፣ ግን ድምፁ ዝቅ ያለ። መነሻው ደስታ ነው። የእንግሊዝኛው ግሪን ግን ከሌላ ቤት ነው የመጣው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ቃሉ ጥርስን ማሳየት ነበር፤ ያውም ከሕመም ወይም ከቁጣ የተነሳ። ውሻ ሲያጉረመርም ጥርሱን እንደሚገልጠው። ደስታው በኋላ ነው የመጣበት። ዛሬም ግሪን ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ጥርስ ነው፤ ስሜቱ ከዚያ በኋላ ነው የሚወሰነው።

ይህ የሥርወ ቃል ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ዓይነት ኢሞጂ በተለያዩ ኩባንያዎች ሥዕል ለሰዎች እያሳዩ ምን እንደሚሰማቸው ጠየቁ። ስሙ ውስጥ ግሪን ያለበት፣ ዓይኖቹ የሚስቁ አንድ ፊት ነበር። በጊዜው አፕል የሳለው ጥርሱን የነከሰ ይመስል ነበር። ያንኑ ፊት አንዱ በደስታ የሰከረ፣ ሌላው ለጠብ የተዘጋጀ አድርጎ አነበበው። ሺህ ዓመት ያለፈው ቃል አሮጌ ትርጉሙን በአዲስ ስልክ ላይ ይዞ ብቅ አለ ማለት ነው። ግሪሜስ የሚባለው ጥርሱን የነከሰ ፊት ደግሞ በስፓኒሽ "ሙዌካ" የሚያደርግ ፊት ተብሏል። ሙዌካ ሰፊ ቃል ነው፤ ጥርሱን የታመመ ሰውም፣ መምህሩ ዞር ሲል ፊቱን የሚያጣምም ተማሪም ሙዌካ ያደርጋሉ። እዚህ ስፋቱ ጠቅሟል፤ ኢሞጂውም እንደዚያው ስለሆነ።

የግሪን ጥርስ ሲረግፍ ምን እንደሚጠፋ ለማየት ግን ከኢሞጂ ይልቅ ድመት ይሻላል። የሉዊስ ካሮል የአሊስ ታሪክ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1865 ነው። እዚያ ውስጥ ያለው የቼሻየር ድመት ሥራው ግሪን ማድረግ ነው፤ መጨረሻ ላይ አካሉ ከጅራቱ ጀምሮ ይጠፋና ግሪኑ ብቻ አየር ላይ ይቀራል። ባየኋቸው የስፓኒሽ ቅጂዎች የሚቀረው "ሶንሪሳ" ነው፣ ፈገግታ። ደስ ይላል፣ ቅኔም አለው። ግን አሊስ ድመቱን መጀመሪያ ስታየው ምን እንደምታስብ አስታውሱ፤ ደግ ይመስላል፣ ነገር ግን ረጃጅም ጥፍርና ብዙ ጥርስ አለው፤ ስለዚህ በአክብሮት መያዝ አለበት ትላለች። ትንሿ ልጅ ጥርሱን ቆጥራ ነው የምታከብረው። እንግሊዝኛው ላይ ድመቱ ጠፍቶ የሚቀረው ነገር እነዚያን ጥርሶች ይዟል። አየር ላይ የተንጠለጠለ ጥርስ ማለት ነው። ስፓኒሹ ላይ የሚቀረው ከሥር የሚስቅ ለስላሳ ነገር ነው። አንዱን ማታ ብቻዬን ባየው እሮጣለሁ፤ ሌላውን ፎቶ አነሳዋለሁ።

ተርጓሚው ምን ማድረግ ይችል ነበር? "ከጆሮ እስከ ጆሮ ፈገግታ" የሚል የታወቀ አባባል ስፓኒሽ ውስጥ አለ፤ ስፋቱን ይሰጣል፣ ጥርሱን ግን አይሰጥም። "ጥርስ የተገለጠበት ፈገግታ" ቢል ደግሞ በየሁለት መስመሩ ሲደጋገም ድመቱ የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ ይሆናል። እኔ ብሆን የመጀመሪያው ቦታ ላይ ጥርሱን በግልጽ አስቀምጬ ከዚያ በኋላ ሶንሪሳ እል ነበር። አንባቢው አንዴ ጥርሱን ካየ አይረሳውም። ይህ ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚባል ነገር መሆኑን አውቃለሁ።

እኔ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ነው የተማርኩት፤ ችግር ሲገጥመኝ ሰንጠረዥ እሠራለሁ። ለእነዚህ ቃላትም ሠራሁ። ዓምዶቹ፦ ከንፈር፣ ጥርስ፣ ቅንድብ፣ ዓይን፣ በአንድ ጎን ወይስ በሁለቱም። ሐሳቡ የእኔ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ፖል ኤክማንና ዋላስ ፍሪሰን የፊት እንቅስቃሴን በቁጥር የሚመዘግብ ዘዴ አውጥተዋል። የከንፈር ጫፍ ወደ ላይ ሲሳብ 12፣ ጉንጭ ሲነሳ 6፣ ቅንድብ ሲሰበሰብ 4፣ የከንፈር ጫፍ ወደ ታች ሲወርድ 15። እንዴት እንደሚያምር! ፍራውን ወዲያው ተፈታ፤ አንዱ 4 ነው፣ ሌላው 15፤ እንግሊዝኛ ሁለቱን በአንድ ቃል ጠቅልሏቸዋል፣ እኔ ደግሞ 15ን 4 ብዬ ተረጎምኩት። ግሪንም ተፈታ። ስመርክ ላይ ስደርስ ግን ሰንጠረዡ ቆመ። አንድ ጎን ብቻ የተነሳ ከንፈር፤ እሺ። ግን በአንድ ጎን ፈገግ የሚል ሰው ሁሉ ስመርክ አያደርግም። ዓይን አፋር ሰውም በአንድ ጎን ፈገግ ይላል። የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ማደንዘዣ የተወጋም እንዲሁ።

እዚህ ጋ ነው ወደ አጎቴ የሄድኩት። ጋሼ በ1971 ዓ.ም. ገና በ13 ዓመታቸው ወደ ኩባ ከተላኩት ኢትዮጵያውያን ልጆች አንዱ ናቸው። ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ ላይ፣ የወጣቶች ደሴት ማለት ነው፣ ግማሹን ቀን ክፍል ውስጥ፣ ግማሹን ቀን ብርቱካን ዛፎች መሃል አሳልፈው ነው ያደጉት። ዛሬም ሲናደዱ በስፓኒሽ ነው የሚናደዱት። ቡና እየጠጣን "ጋሼ፣ ስመርክ በስፓኒሽ ምን ይባላል?" አልኳቸው።

"እስቲ አድርገው" አሉኝ።

አደረግኩት።

"ይኼ እኮ ፈገግታ ነው።"

"እንደሱ አይደለም፣ ጋሼ። አንተ የማታውቀውን እኔ አውቃለሁ ዓይነት።"

"ለማን ነው?"

"እንዴት ለማን?"

"ማን ፊት ነው እንዲህ የምትለው? እኔ ፊት ከሆነ ሶንሪሳ ቡርሎና ነው፤ እያፌዝክብኝ ነው። ለሴት ልጅ ከሆነ ሶንሪሳ ፒካራ ትላለህ፤ ተንኮል አለው፣ ግን ደስ ይላል። ፈተና አልፈህ የወደቀ ጓደኛህ ፊት ከሆነ ሱፊሲየንሲያ ነው፤ ራስህን ቆልለሃል።"

"ብቻዬን ከሆንኩስ?"

"ብቻህን ከሆንክ ሐኪም ዘንድ ሂድ።"

እየሳቁ ነው ያሉት፤ እኔ ግን ሰንጠረዡ ላይ ያጣሁትን ዓምድ አገኘሁት። ስመርክ የሚለው ቃል ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ፊቱን የሚያደርገውና ፊቱን አይቶ ያልወደደለት። ቃሉ መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም። በጥንቱ እንግሊዝኛ ስመርክ ዝም ብሎ ፈገግ ማለት ነበር። ስማይል የሚባለው ቃል ዘግይቶ ሲመጣ ጥሩውን ቦታ ያዘና አሮጌውን ወደ መጥፎ ሰፈር ገፋው። ከዚያ ወዲህ ቃሉ ፍርድ ተሸክሞ ነው የሚኖረው። ስኒርም እንዲሁ ነው፤ ንቀቱ ግሡ ውስጥ ነው። ስፓኒሽ ግን ፊቱንና ፍርዱን ለያይቶ ያስቀምጣል፤ መጀመሪያ "ሶንሪሳ" ይልና ቀጥሎ ምን ዓይነት እንደሆነ ቅጽል ይጠይቅሃል። ቅጽሉን ለመምረጥ ደግሞ ማን እያየ እንደሆነ ማወቅ ግድ ነው። እንግሊዝኛው ጸሐፊ ሳይናገር ያለፈውን ጥያቄ የስፓኒሽ ተርጓሚ መመለስ አለበት።

ይህ በተለይ ለወጣቶች በሚጻፉ የፍቅር ልቦለዶች ላይ ያስቸግራል። እነዚህን የሚያነብ ሰው ያውቃል፤ ጀግናው በየገጹ ስመርክ ያደርጋል። እዚያ ቃሉ ስድብ አይደለም፤ ልጅቷ ይህን ፊት ስታይ ጉልበቷ ይከዳታል። ተርጓሚው "ሶንሪሳ ዴ ሱፊሲየንሲያ" ካለ ልጁ በራሱ የተኮፈሰ ሆኖ ቁጭ ይላል፤ ልጅቷ ለምን እንደምትወደው አንባቢው አይገባውም። "ሶንሪሳ ላዴያዳ" ካለ ደግሞ፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ፈገግታ ማለት ነው፣ ፍርዱ ሁሉ ይወድቅና ጂኦሜትሪው ብቻ ይቀራል። ለፍቅር ልቦለድ ሁለተኛው ይሻላል፤ ፍርዱን አንባቢዋ ራሷ ትሙላው። ለተንኮለኛ ገጸ ባሕርይ ግን ጂኦሜትሪ አይበቃም፤ ፍርዱ ያስፈልጋል። አንድ ቃል፣ እንደ ተመልካቹ ሁለት ተቃራኒ ትርጉም። ርዝመቱም አለ፦ በእንግሊዝኛ አምስት ፊደል የነበረው "ሶንሪሳ ዴ ሱፊሲየንሲያ" ሲሆን በስፓኒሽ ፊደል ክፍተቱን ጨምሮ ሃያ ሁለት ይሆናል። አንድ መጽሐፍ ውስጥ አርባ ጊዜ ከመጣ ተርጓሚው ጥቂቱን መጣሉ አይቀርም። ዳን ስሎቢን የተባለው የቋንቋ ተመራማሪ የእንግሊዝኛ ልቦለዶች ወደ ስፓኒሽ ሲተረጎሙ የአካሄድ ዝርዝር፣ ማለትም መንከላወስ፣ መንሸራተት፣ መንገዳገድ የመሳሰለው፣ ብዙ ጊዜ እየተተወ እንደሚያልፍ አሳይቷል። ስለ ፊት ሳይሆን ስለ እግር ነው ያጠናው፤ ፊት ላይም ያው ነገር የሚሆን ይመስለኛል።

በነገራችን ላይ ስፓኒሽ ፊትን አይሰይምም ማለቴ አይደለም። ግሌርን "ፉልሚናር ኮን ላ ሚራዳ" ይሉታል፤ በዓይን መብረቅ መምታት። ስካውል የሚያደርግ ሰው "ካራ ዴ ፖኮስ አሚጎስ" አለው፤ የጥቂት ወዳጆች ፊት። ፓውት ደግሞ "አሴር ፑቼሮስ" ነው፤ ፑቼሮ ድስት ነው፣ ስለዚህ ልጅ ሊያለቅስ ከንፈሩን ሲያወጣ ድስት እየሠራ ነው። እነዚህን ስቲከሮቹ ላይ ሳስገባ ብቻ ነው ሥራዬን የወደድኩት።

በዓለም ላይ በጣም የታወቀው የስፓኒሽ ፊትም በተመልካች የተሰየመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1605 በወጣው የዶን ኪሆቴ የመጀመሪያ ክፍል ጌታውን "ባለ አሳዛኝ ገጽታው ፈረሰኛ" ብሎ የሰየመው ሳንቾ ነው። ለምን ሲባል፣ በችቦ ብርሃን ሲያየው ፊቱ ክፉኛ ስላስጠላው ነው፤ ወይ ከድካም፣ ወይ ጥርሱ ከመርገፉ የተነሳ ይሆናል ይላል። ማን እንዳየ፣ በምን ብርሃን እንዳየ፣ ምን መሰለኝ እንዳለ ሁሉም ተነግሯል። ወደ እንግሊዝኛ ሲሄድ እ.ኤ.አ. በ1885 ጆን ኦርምስቢ ጸጸት ያዘለ ገጽታ ሲያደርገው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ኢዲት ግሮስማን በቀጥታ ያዘነ ፊት አለችው። እኔ የግሮስማንን እመርጣለሁ። ሳንቾ ያየው ጥርሱ የረገፈ ሰው ነው፤ መጸጸቱን ከየት አመጣው?

ይህን ሁሉ የማስበው በአማርኛ ነው፤ አማርኛ ደግሞ እዚህ ጨዋታ ላይ የእንግሊዝኛ ወገን ነው። "ገላመጠኝ" ስል ዓይኑንም፣ ክፋቱንም፣ መከፋቴንም ተናግሬያለሁ። "ምን ያስገለፍጥሃል?" የሚባለው ልጅ ከንፈሩ ከሌላው ሰው ፈገግታ በምንም ላይለይ ይችላል፤ የተለየው ጠያቂው ነው። "ገለፈጥኩ" ብሎ ስለራሱ የሚናገር ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ስመርክን ለመረዳት መዝገበ ቃላት ከምከፍት እናቴ ስትቆጣ የምትለውን ባስታውስ ኖሮ ግማሹን መንገድ እሄድ ነበር። ለተገለበጠው አፍም ቢሆን "ለምቦጩን የጣለ" የሚል ቃል አፌ ላይ ነበረኝ፤ ከንፈር እንጂ ግንባር የለበትም። በአማርኛ አይቼው ቢሆን ኖሮ በስፓኒሽ አልሳሳትም ነበር። እንግሊዝኛውን አምኜ ፊቱን ሳላይ አለፍኩ።

ያን ስቲከር አሁን "ካራ ትሪስቴ፣ ከንፈሩ ወደ ታች" ብዬ ቀይሬዋለሁ፤ ያዘነ ፊት። ሠላሳ ስድስቱንም እንደገና አየኋቸው። አሥራ አንዱ ተለወጡ። ስመርኩ ላይ ግን በራሴ መወሰን ስላልፈለግኩ ለሠዓሊዋ ጻፍኩላት፦ ይኼ ሰውዬ ማንን ነው የሚያየው? ሥራ የፈታሁ ሳይመስላት አልቀረም። ትንሽ ቆይታ "ካርታ የተሸነፈ ወንድሙን" ብላ መለሰችልኝ። "ሶንሪሳ ቡርሎና" አደረግኩት።

ማሻሻያው ከወጣ በኋላ ያ ኮሎምቢያዊ ተጠቃሚ በዚያው ቲኬት ላይ መለሰ። አመሰገነ። እህቱ አዲሶቹን ስቲከሮች አንድ በአንድ እየላከችለት ሲሳሳቁ እንዳመሹ ጻፈ። ከዚያ አንድ ጥያቄ አስከተለ። እህቱ ቡርሎናው በአንድ ጎን ብቻ ነው የሚስቀው ብላዋለች፤ ስልኩ ግን ይህን አልነገረውም፤ በየትኛው ጎን ነው?

ፍርድ መርጬ ጂኦሜትሪውን ጥዬበት ነበር። ስቲከሩን ከፍቼ አየሁ። በእኛ በኩል ግራ ነው፤ በሰውየው በኩል ደግሞ ቀኝ። ሁለቱንም ጻፍኩለት።